የዳያክ መንደር እንግዳ ለመሆን፦ ከመንደር መረጣ እስከ ሒሳብ መዝጋት

ወደ ቦርኒዮ ደሴት የሚጓዝ ሰው «በዳያክ መንደር ማደር» የሚል የጉብኝት ግብዣ አያጣም። በኢንዶኔዥያ ከፖንቲያናክ፣ ከፓላንካ ራያና ከሳማሪንዳ፣ በማሌዥያ ደግሞ የሳራዋክ ክፍለ ግዛት ርዕሰ ከተማ ከሆነችው ከኩቺንግ የሚነሱ አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙዎቹ ይህንኑ ይሸጣሉ። በፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ላባ የሰካ ጨፋሪ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖርበት ረጅም ቤት፣ ወንዝና ጀልባ። ልዩነቱ የሚገለጠው እንግዳው እንዲመጣ የፈቀደው ማን እንደሆነ፣ የከፈለው ገንዘብም ማን እጅ እንደሚገባ ሲጠየቅ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጉብኝቱን መንደርተኛው ራሱ የሚያስተዳድርበትን ቦታ መርጦ፣ አስፈቅዶ ገብቶ፣ ደንቡን ጠብቆ አድሮ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የትኛው ሕዝብ፣ የትኛው መንደር

ዳያክ የአንድ ጎሳ መጠሪያ ሳይሆን፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያና ብሩናይ በሚጋሯት በቦርኒዮ ውስጥ የሚኖሩ በርካታ ነባር ሕዝቦች በጋራ የሚጠሩበት ስም ነው። ኢባኖች በሳራዋክና ከድንበሩ ማዶ ባለው የምዕራብ ካሊማንታን (ካሊማንታን የቦርኒዮ የኢንዶኔዥያ ክፍል ነው) የካፑዋስ-ሁሉ አውራጃ፣ ቢዳዩዎች በኩቺንግ አካባቢ በሚገኙ ኮረብታዎች፣ ኬንያሆችና ካያኖች በታላላቆቹ ወንዞች የላይኛው ተፋሰስ፣ ንጋጁዎች በማዕከላዊ ካሊማንታን፣ ቤኑዋቆች ደግሞ በምሥራቅ ካሊማንታን በጄምፓንግ ሐይቅ ዙሪያ ይኖራሉ። ቋንቋቸው፣ የቤታቸው አሠራርና ሥርዓታቸው ስለሚለያይ በአንዱ መንደር የተማሩትን ወግ በሌላው መንደር እንደ ሕግ መጥቀስ ያስተዛዝባል። ብዙዎቹ ዛሬ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በማዕከላዊ ካሊማንታን ግን ካሃሪንጋን የተባለውን ነባር እምነት የያዙ አሉ፤ ይህ እምነት ከ1980 ወዲህ በኢንዶኔዥያ መንግሥት ዘንድ በሂንዱ ሃይማኖት ሥር ታውቆ ይገኛል። በረጅሙ ቤት ሥር ሞተር ሳይክል ቆሞ፣ በጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳሕን ተተክሎ ሲያይ ቅር የሚለው ጎብኚ፣ በሰዎች መኖሪያ ውስጥ ሙዚየም ሊፈልግ የመጣ ነውና ባይሄድ ይሻለዋል።

የሚፈልጉት ምን ዓይነት ጉብኝት እንደሆነ ከወሰኑ ምርጫው ይቀላል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከሳማሪንዳ ከተማ ብዙም በማይርቀው በፓምፓንግ መንደር፣ ከአፖ ካያን ደጋማ አገር ወርደው የሰፈሩ ኬንያሆች እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያቀርቡትን ጭፈራ ማየት ይችላል። በኩቺንግ አቅራቢያ በሳንቱቦንግ ተራራ ግርጌ ያለው የሳራዋክ የባህል መንደር ደግሞ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ቤቶች በአንድ ግቢ ተሠርተው የሚታዩበት ትዕይንት ነው። ሁለቱም በራሳቸው መልካም ናቸው፤ የሁለተኛው ስም ግን ሊያሳስት አይገባም፤ ለትዕይንት የተሠራ እንጂ የነዋሪዎች መንደር አይደለምና። ከኩቺንግ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬደው አናህ ራይስ በአንጻሩ ቢዳዩዎች እስከ ዛሬ የሚኖሩበት ነው፤ በመግቢያው ላይ ክፍያ አለ፤ ማደር የሚፈልግም በቤተሰቦች ዘንድ ያድራል።

ጊዜ ያለው ሰው ራቅ ብሎ ቢሄድ ይጠቀማል። በምዕራብ ካሊማንታን የምትገኘው የኢባኖች መንደር ሱንጋይ ኡቲክ ለዚህ ከሁሉ ቀድማ የምትጠቀስ ናት። ሰዎቹ እስከ አሁን በአንድ ረጅም ቤት ተሰብስበው ይኖራሉ፤ ለእንጨት ቆራጮች አሳልፈው ያልሰጡት ደናቸውም በ2019 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በሰሜን ካሊማንታን በማሊናው አውራጃ ያለችው የኬንያሆች መንደር ሴቱላንግ በተመሳሳይ መንገድ «ታኔ ኦሌን» በተባለ ልማዳዊ ክልከላ የምትጠብቀው ደን አላት። ሽመና የሚስበው ሰው በማሃካም ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ በጄምፓንግ ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ታንጁንግ ኢሱይ ቢሄድ፣ ቤኑዋቅ ሴቶች ዶዮ ከተባለ ተክል ቅጠል ቃጫ አውጥተው «ኡላፕ ዶዮ» የሚሉትን ጨርቅ ሲሠሩ ያያል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቋቸው

የቀን መርሐ ግብሩ እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ነው። አስጎብኚውን ወይም የመንደሩን ተጠሪ በቅድሚያ የሚጠይቁት በመንደሩ ውስጥ የእንግዳ ጉዳይ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። በኢንዶኔዥያ መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ «ፖክዳርዊስ» በሚል አጭር ስም የሚጠራ የመንደር የቱሪዝም ቡድን ይኖራል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በ2014 የወጣው የመንደሮች ሕግ በሚፈቅደው መሠረት የመንደሩ የጋራ ድርጅት ሥራውን ይዞታል። በማሌዥያ ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት የቤተሰብ ማረፊያ መርሐ ግብር አለ፤ ተሳታፊ ቤተሰቦች ተመዝግበውና ሥልጠና ወስደው እንግዳ ይቀበላሉ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር አሲያንም በማኅበረሰብ ለሚመራ ቱሪዝም የጋራ መመዘኛ አዘጋጅቷል። እነዚህን መዋቅሮች ማወቁ የሚጠቅመው ትክክለኛውን ሰው ለይቶ ለመጠየቅ ነው እንጂ የምስክር ወረቀት መኖሩ ብቻ ምንም አያረጋግጥም፤ ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራው በአንድ ቤተሰብ እጅ የቀረበት መንደር ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ አስተናጋጁ ቤተሰብ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ረጅሙ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር በተርታ የተሰለፉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው በር ያላቸው ቤተሰቦች መኖሪያ ነው። እንግዳ ሁልጊዜ በአንድ በር ብቻ የሚገባ ከሆነ በቀሩት በሮች ቅሬታ ይጠራቀማል፤ ቅሬታው ሲከር ደግሞ እንግዳ መቀበሉ ራሱ መንደሩን ይከፋፍላል። ስለዚህ ጥሩ የሚሠራ መንደር ተራ ያወጣል፤ ዛሬ ያሳደረ ቤተሰብ ሌላው እስኪያሳድር ይጠብቃል፤ ጀልባ ቀዛፊው፣ አብሳይዋ፣ ደን መሪውና ጨፋሪዎቹም እንዲሁ በየተራ ይጠራሉ።

ሦስተኛው የክፍያው ድርሻ ነው፤ ከጠቅላላው ዋጋ ለአስተናጋጁ ስንት፣ ለጀልባው ስንት፣ ለመንደሩ የጋራ ሣጥን ስንት እንደሚደርስ ይጠይቁ። የመንደር ኮሚቴ ይህን አይደብቅም፤ ብዙ ጊዜ የዋጋ ዝርዝሩን በግልጽ ይለጥፈዋል። ከተማ ያለ አስጎብኚ የራሱን ትርፍ ቢጨምር የሚያስነውር ነገር የለውም፤ ትራንስፖርት አዘጋጅቷል፣ አስተርጓሚ ቀጥሯል። «ለማኅበረሰቡ እንረዳለን» በሚል ጥቅል ቃል ብቻ የሚመልስልዎ ከሆነ ግን ሌላ ይፈልጉ። በተጨማሪም በአንድ ጊዜ ስንት እንግዳ እንደሚቀበሉና ከመንደሩ የተወለደ አስጎብኚ እንደሚመደብ ማረጋገጥ ይገባል። ለእንግዳው ቁጥር ወሰን ያበጀ መንደር እምቢ ማለት የሚችል መንደር ነው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ምልክት ይኸው ነው።

ከአንድ የግል ድርጅት ጋር ተስማምቶ የሚሠራ መንደር ሁሉ መጥፎ ነው ብሎ መደምደምም ልክ አይሆንም። በሳራዋክ በባታንግ አይ ወንዝ ተፋሰስ የሚገኙት የናንጋ ሱምፓ ኢባኖች ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ለረጅም ዓመታት የዘለቀ ሽርክና አላቸው፤ እንግዶቹ የሚያድሩት በረጅሙ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከእርሱ ተለይቶ በተሠራ ማረፊያ ነው። እንግዳ ወደ ቤቱ የሚገባው ተጋብዞ ሲሆን ነዋሪውም ማታ ማታ በገዛ ቤቱ ያለ ተመልካች ይቀመጣል። አብሮ በአንድ ጣሪያ ማደር የበለጠ «እውነተኛ» ነው የሚል አስተያየት በጎብኚዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ዓመቱን ሙሉ የማያውቀው ሰው በመኝታው አጠገብ ለሚያልፍበት ቤተሰብ የእንግዳ ማረፊያውን መለየቱ የሚያሳርፍ ይመስለኛል።

ደኑ ከጉብኝቱ ጋር ምን ያገናኘዋል

በብዙዎቹ መንደሮች በጎብኚው ሒሳብ ላይ የደን መግቢያ ወይም የአስጎብኚ ክፍያ ይጨመራል። ይህን እንደ ተራ ቲኬት አይዩት። በኢንዶኔዥያ የልማዳዊ ማኅበረሰቦች ደን ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ደን ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2013 ባሳለፈው ውሳኔ ልማዳዊ ደን ከመንግሥት ደን የተለየ መሆኑን ከገለጸ በኋላም ቢሆን፣ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ዕውቅናውን በየራሱ ሲታገል ነው የቆየው። ሱንጋይ ኡቲክ የደኗን ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘችው በ2020 ነው። ደኑ ቆሞ ገቢ ማስገኘቱ፣ ለእንጨትና ለዘንባባ ዘይት ተከላ መሬት ለሚጠይቁ ሰዎች በስብሰባ ላይ የሚሰጥ መልስ ይሆናል። ስለዚህ ክፍያውን ይክፈሉ፤ ከመንደሩ ሰው ውጭ ወደ ደኑ አይግቡ፤ መሪዎ አትግቡ ባለበት ቦታ ምክንያቱን ቢጠይቁ እንኳ ለመግባት አይከራከሩ። የመቃብር ቦታ ወይም በልማድ የተከለለ ሥፍራ ሊሆን ይችላልና።

መቼ ይሄዳሉ

ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ወንዙ ይሞላል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ደረቅ ወራት ደግሞ የላይኛው ወንዝ ስለሚጎድል ጀልባ እየወረዱ መግፋት ሊኖር ይችላል፤ በአንዳንድ ዓመታትም የደንና ከበሰበሰ ዕፅዋት የተከማቸ ረግረጋማ አፈር ቃጠሎ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖ በረራ ያሰርዛል። ከሁለቱም ይልቅ መታሰብ ያለበት ግን የእርሻው ጊዜ ነው። የሩዝ ዘር በሚዘራበትና አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው እንዲያጅቡዎ መጠበቅ አግባብ አይደለም። እርሻ አብሮ ወርዶ መዋል ከተፈቀደ ግን ከማንኛውም ጭፈራ የሚበልጥ ውሎ ነው።

በሳራዋክ የምርት ምስጋና በዓል የሆነው ጋዋይ ዳያክ በይፋ ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 1 ቀን ይከበራል፤ በዓሉ የሚጀምረው በዋዜማው ምሽት ነው። በምዕራብ ካሊማንታን ካናያትን የተባሉት ዳያኮች ናይክ ዳንጎ የሚሉት የአዝመራ በዓል አላቸው፤ እርሱም ወደ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይውላል። በጋዋይ ሰሞን በከተማ የሚሠሩ ልጆች ሁሉ ወደ ቤት ስለሚመለሱ በየበሩ ደስታና መጠጥ አለ፤ ለእንግዳ የሚሆን መኝታ ግን ላይኖር ይችላል። በቤተሰብ ከተጠሩ ይሂዱ፤ ካልተጠሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይሁን።

ኀዘን ሌላ ነገር ነው። በረጅሙ ቤት ሰው ሲሞት ነጋሪት የማይመታበት፣ ጭፈራና ሣቅ የሚከለከልበት ጊዜ ይታወጃል፤ ለእንግዳ ቤቱ የሚዘጋበትም አለ። ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ቀን ደውለው ያረጋግጡ፤ ጉዞው ቢሰረዝብዎ ቅድመ ክፍያ ይመለስልኝ ብለው ከኀዘንተኛ ጋር አይሟገቱ። ንጋጁዎች ቲዋህ የሚሉት፣ የሟች አጥንት ከመቃብር ወጥቶ «ሳንዱንግ» ወደተባለ ማረፊያ የሚዛወርበት ታላቅ ሥርዓት ደግሞ ብዙ ወጪና ዝግጅት የሚጠይቅ ስለሆነ ቤተሰቦች ተባብረው ሲችሉ የሚያደርጉት ነው፤ ለጎብኚ ቀጠሮ አይያዝለትም። በአጋጣሚ ደርሰው ቢፈቀድልዎ፣ የእንስሳት መሥዋዕት እንደሚኖር ዐውቀው ይግቡ።

ለመንገዱ የሚያስፈልግ

ወደ ሱንጋይ ኡቲክ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፖንቲያናክ ወደ ፑቱሲባው በአውሮፕላን በርሮ ከዚያ በመኪና ይቀጥላል። ከማሌዥያ ዋና ምድር ወደ ሳራዋክ የሚበርር መንገደኛ በአንድ አገር ውስጥ ቢሆንም ፓስፖርቱ እንደገና እንደሚታይ ይወቅ፤ ሳራዋክ የራሷ የመግቢያ ቁጥጥር አላት። በመንደር የባንክ ማሽን ስለማይገኝ እንደ አገሩ ሩፒያ ወይም ሪንጊት በዝርዝር ኖቶች ይያዙ። ልብስ ጥቂት ይበቃል፤ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ፣ የእጅ ባትሪ፣ የትንኝ መከላከያና አልቅት የማያሳልፍ ረጅም ካልሲ ግን አይቅር። ገላ የሚታጠቡት ወንዝ ወርደው ከሆነ ወንዱም ሴቷም ሽርጥ አገልድመው ነው፤ ራቁት ወይም በባሕር ዳርቻ ልብስ መታጠብ ነውር ነው። በቦርኒዮ ደን ከዝንጀሮዎች ወደ ሰው የሚተላለፍ የወባ ዓይነት ስላለ ከጉዞው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። የኤሌክትሪክ መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበራበት፣ ስልክም የማይሠራበት መንደር ብዙ ነው።

ስጦታ ይዞ መሄድ መልካም ወግ ነው፤ አሰጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በረጅም ቤት የመጣ ስጦታ በየበሩ እኩል መከፋፈል አለበት። ስለዚህ ቡና፣ ስኳር፣ ጨው ወይም ዘይት የመሳሰለውን ለመከፋፈል በሚመች መጠን ገዝተው ለቤቱ አለቃ ያስረክቡ፤ አለቃው ያከፋፍላል። የበሮቹን ብዛት አስቀድመው በስልክ ቢጠይቁ አይጎድልብዎትም። ደብተርና እርሳስ ለትምህርት ቤቱ በመምህሩ በኩል ይሰጣል። ለሕፃናት በየመንገዱ ከረሜላ ማደል ግን ልጆቹን ለማኝ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ሲደርሱና ሲቀመጡ

ከጀልባ ወይም ከመኪና ወርደው በቀጥታ ወደ ላይ አይውጡ፤ ከታች ሆነው እስኪጠሩ ይጠብቁ። በኢባን ቤት በደረጃው ወጥተው ጫማዎን ካወለቁ በኋላ የሚደርሱበት በቤቱ ርዝመት ሁሉ የተዘረጋው «ሩዋይ» የተባለው ሰፊ የጋራ መተላለፊያ ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ከቤቱ አለቃ ጋር ይተዋወቃሉ፤ ከየት እንደመጡና ለምን እንደመጡ ይጠየቃሉ። መልስዎን አያሳጥሩት፤ ይህ ጨዋታ መግቢያ ፈቃድዎ ነው። ከሩዋይ በስተኋላ ያሉት በሮች የየቤተሰቡ የግል መኖሪያ ናቸውና በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ሳይጠሩ አይገባም። በተቀመጡ ሰዎችና በቀረበ ምግብ ላይ ተራምዶ ማለፍም ነውር ነው።

ምግብ ወይም ከሩዝ የሚጠመቀው ቱአክ የሚባል መጠጥ ሲቀርብልዎ የማይወስዱ ከሆነ ዝም ብለው እጅዎን አያወዛውዙ። በሳራዋክም ሆነ በምዕራብ ካሊማንታን የቀረበለትን ገበታ ሳይነካ ትቶ የሄደ ሰው በመንገድ ላይ አደጋ ያገኘዋል፣ እባብ ይነድፈዋል ተብሎ ይታመናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳህኑን ወይም ብርጭቆውን በጣት ጫፍ ነክተው ጣትዎን ወደ ከንፈርዎ ያስጠጉ። ከዚያ በኋላ ባይበሉ ማንም አይቀየምም። የአሳማ ሥጋ በብዙ ቤት የተለመደ ስለሆነ የማይበሉት ነገር ካለ ቦታ ሲይዙ ያሳውቁ፤ ምጣዱ ከተጣደ በኋላ መናገር አብሳይዋን ያሳፍራል።

በአንዳንድ ቤት ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠሉ፣ በቢዳዩዎች ዘንድ ደግሞ በተለየ ቤት የተቀመጡ የጥንት የራስ ቅሎች አሉ። የራስ መቁረጥ ልማድ የቆመው ዛሬ አይደለም፤ በ1894 በማዕከላዊ ካሊማንታን በቱምባንግ አኖይ የተሰበሰቡ የዳያክ መሪዎች ይህን ልማድና ባርነትን ለመተው ተስማምተዋል። ወሬውን ግን በዚህ መጀመር፣ ከቀረጻ በፊት ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማንሳት ወይም ቅሉን መንካት ባለቤቶቹን ማስከፋት ነው። እነርሱ ካነሱት ይስሙ።

ሳያውቁ ክልክል ቢጥሱ «አዳት» በሚሉት ልማዳዊ ሕግ መሠረት ካሣ ሊጠየቁ ይችላሉ። ይህ ከባዕድ ሰው ገንዘብ ለማግኘት የተፈለሰፈ ዘዴ አይደለም፤ የቤቱ ልጆችም ያንኑ ይቀጣሉ። ዓላማው የተናጋውን ሰላም መመለስ ስለሆነ ይቅርታ ጠይቀው የተወሰነውን ይክፈሉ፤ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል።

ጭፈራ፣ ፎቶግራፍና ግዢ

የማታው ጭፈራ ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው ብለው አይናቁት። የኢባኖቹን ንጋጃት የተባለ ጭፈራ በመድረክ ላይ የሚያሳየው ጎልማሳ በጋዋይ ሌሊት ለራሱ ደስታ የሚጨፍረውም እርሱ ነው፤ የኬንያሆቹን ሳፔ የሚባለውን የክር መሣሪያ የሚጫወተው ወጣት ያን ትምህርት የቀጠለው አንድም የሚያዳምጠው ስላገኘ ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱ የተበላሸ የሚሆነው ጎብኚው «ልብሱን አውልቁ፣ ላባውን ጨምሩ» እያለ ማዘዝ ሲጀምር ነው። ተነሥተው እንዲጨፍሩ ሲጋበዙ ይነሡ፤ መሣቂያ መሆን በዚያ ምሽት የእንግዳ ድርሻ ነው።

ፎቶግራፍ ለማንሳት ፊት ለፊት ይጠይቁ። የጆሮ ጫፋቸውን በከባድ ጌጥ ያስረዘሙ፣ እጅና እግራቸውን የተነቀሱ የኬንያህና የካያን አሮጊቶች ቁጥራቸው እያነሰ ስለሄደ ሁሉም ካሜራ ወደ እነርሱ ይዞራል፤ አንዳንድ ቦታ ለዚህ የተወሰነ ክፍያ አለ፤ ክፍያውም ተገቢ ነው። የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ፣ የመቃብርና የተከለሉ ቦታዎችን ትክክለኛ አቅጣጫ ደግሞ በምንም መልኩ በማኅበራዊ ሚዲያ አይልቀቁ።

ግዢን በተመለከተ ከሠሪዋ እጅ መግዛትን የመሰለ የለም። የኢባኖቹ ፑዋ ኩምቡ ጨርቅ ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ቀለም የሚነከር በመሆኑ አንዱ ለወራት ሊያሠራ ይችላል፤ ዋጋው ሲነገርዎ እንደ ገበያ ዕቃ አያዋክቧት፤ አቅምዎ ካልፈቀደ ራታን ከተባለ ሐረግ የተሠራ ቅርጫት፣ ምንጣፍ ወይም የዶቃ ሥራ ይግዙ። ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የተላለፉ ጥንታዊ ገንቦዎችንና ዶቃዎችን ለመግዛት መጠየቅ አይገባም፤ ችግር ላይ ያለ ሰው ሊሸጥልዎ ቢችልም ቤቱ ያጣው ነገር አይተካም። ሆርንቢል የተባለው ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ላባና ራስ፣ የድብ ጥርስና ጥፍር እንዲሁም የፓንጎሊን ቅርፊት ያለባቸውን ዕቃዎች ጨርሶ አይንኩ። ባለ ራስ ቁሩ ሆርንቢል ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል፤ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ማንዳው የተባለውን ሰይፍ የሚገዛም እጀታውና ማስጌጫው ከምን እንደተሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በእጅ ሻንጣም አይያዘው።

ሒሳብ መዝጋት

ሒሳቡን ከመመለሻዎ በፊት ባለው ምሽት ይጨርሱ። ማለዳ አስተናጋጆችዎ ወደ እርሻ ወይም ወደ ጎማ ዛፎቻቸው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጀልባውም ውኃው እንዳለ በጊዜ ይነሣል። በኮሚቴ የሚሠራ መንደር መዝገብ ስላለው የከፈሉት ሲጻፍ ይዩ፤ ከተማ ላለ አስጎብኚ አስቀድመው የከፈሉ ከሆነም የመንደሩ ድርሻ ደርሶ እንደሆነ ተጠሪውን ለብቻው በትሕትና ይጠይቁ። ከተተመነው በላይ መስጠት ሲፈልጉ ለአንድ ሰው በጓሮ ከማስጨበጥ ይልቅ ወደ ጋራው ሣጥን ቢጨምሩ ተራው ያልደረሰው ቤተሰብም ይካፈለዋል። አብሳይዋ ወይም ጀልባ ነጂው የተለየ ድካም ደክመውልዎ ከሆነ ለእነርሱ ምን መስጠት እንደሚቻል ኮሚቴውን ጠይቀው ይስጡ።

ቅር ያሰኘዎ ነገር ካለ ኢንተርኔት ላይ ከመጻፍዎ በፊት እዚያው ይንገሯቸው፤ አብዛኛው ነገር እንደ ፍራሽ፣ እንደ መጸዳጃና እንደ ጀልባ ሰዓት ያለ፣ ተነግሮ የሚስተካከል ነው። ፎቶ እልካለሁ ካሉ ስልክ የማይሠራበት መንደር መሆኑን አስታውሰው በማን በኩል እንደሚደርስ አድራሻውን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ የማይልኩ ከሆነ ደግሞ እልካለሁ አይበሉ። እንደገና ለመምጣት ወይም ሌላ ሰው ለመላክ ካሰቡ የኮሚቴውን ተጠሪ ቁጥር ይቀበሉ፤ ቀጣዩ ጉዞ ከከተማ ሳይሆን ከእርሱ ጋር በመነጋገር ይጀመራል።